የእኩል ዕድል ግብ በቦርድ ዕቅድ ውስጥ

በአዋጅ ቁጥር 650/2001ም ሆነ እርሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ከፍተኛ የአስተዳደር አካል ቦርዱ ነው። ስለዚህም በእኩል ዕድል ረገድ የሚያስቀምጠው ግብ በጥብቅ ሊመረመር ይገባዋል።

የቀድሞው አዋጅ ተቋማት ግቢያቸውንና ትምህርታቸውን ለአካል ጉዳተኞች በተቻለ መጠን እንዲያመቻቹ ያዝዝ ነበር። ይህ አነጋገር ለሕግ አውጪ የጥንቃቄ ቃል ሊሆን ይችላል፤ ወደ ቦርድ ዕቅድ እንዳለ ሲገለበጥ ግን ግቡን ተጠያቂ የሌለው ምኞት ያደርገዋል።

ሁለተኛው ጉድለት ቆጠራው በበር ላይ መቆሙ ነው። ለሴቶች የሚደረገው ልዩ ድጋፍ በመግቢያ ነጥብ ብቻ ከተለካ፣ በመጀመሪያው ዓመት ትምህርቷን ያቋረጠች ተማሪ በሪፖርቱ ላይ እንደ ስኬት ተመዝግባ ትቀራለች። በኮልፌ ቀራንዮ ዓለም ባንክ አካባቢ ነዋሪ የሆነች፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየዕለቱ የታክሲ ሒሳብ የምታሰላ ወጣት ችግሯ በምዝገባ ቅጽ ላይ አይታይም።

እንግዲህ ግቡ ማን ገባ ብቻ ሳይሆን ማን ጨረሰ፣ ያቋረጠውስ ስለምን አቋረጠ ብሎ መጠየቅ አለበት። ለየጥያቄው በጀት፣ የጊዜ ገደብና ኃላፊ ካልተመደበ፣ ዕቅዱ የሚያገለግለው ተማሪውን ሳይሆን መዝገብ ቤቱን ነው።