ከመርፌ ወደ ኖራ፣ ከኖራ ወደ ማሽን፦ የስሎቫክ ጌጥ በፖስተር ላይ

በሰሜን ስሎቫኪያ፣ ከዢሊና ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ ቺችማኒ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ቤቶቿ ከግንድ የተሠሩ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ናቸው። በግድግዳቸው ላይ ልብ፣ መስቀል፣ አውራ ዶሮና እንደ ሞገድ የሚሄድ መስመር በነጭ ተስሏል። ነጩ ኖራ መጀመሪያ ለውበት አልነበረም ይባላል፤ ግንዱን ከፀሐይና ከዝናብ ለመጠበቅ የሚቀባ ነበር። በኋላ ግን በልብስ ላይ የሚጠለፈው ቅርጽ ወደ ግድግዳው ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1921 ትልቅ ቃጠሎ ደረሰ፤ ቤቶቹ በድሮው መልካቸው እንደገና ተሠሩ። በ1977 ደግሞ መንደሯ የተጠበቀ ቅርስ ተባለች።

ዛሬ ይህ ነጭ ቅርጽ በስሎቫኪያ በልብስም፣ በስኒም፣ በፖስተርም ላይ ይታያል። አሁን ደግሞ አዲስ መንገድ መጥቷል፦ አንድ ዲዛይነር «የስሎቫክ ባህላዊ ጌጥ ያለበት የበዓል ፖስተር» ብሎ ይጽፋል፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሴኮንዶች ምስሉን ያወጣለታል። የእኔ ጥያቄ ማሽን መጠቀም ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚል አይደለም። ጌጡ ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲሻገር ምን ይዞ ይሻገራል? ነው።

እኔም ሞከርኩት። የመጣው ምስል ያምራል፣ አልዋሽም። ቀይ አበባ፣ ሁለት ወፍ፣ ጥቁር መደብ። ግን አበባው የስሎቫክ ይሁን የፖላንድ፣ የሃንጋሪ ይሁን የዩክሬን፣ ማንም አይለየውም። «ቺችማኒ» ብዬ ስጽፍ ነጭ በቡናማ ላይ መጣ። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን የግራው ቅርጽ ከቀኙ ጋር አይገጥምም፤ አውራ ዶሮው ከጭራው በኩል ቅጠል ሆኗል። የስሎቫክ ፊደሎች ላይ የሚቀመጡት ምልክቶችም ቦታቸውን ስተዋል። የኛን ፊደል እንዲህ ባሉ ምስሎች ላይ ያያችሁ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? እንዲህ ያለ ፕሮግራም የሚማረው ጽሑፍ ከተያያዘባቸው እጅግ ብዙ ምስሎች ነው። ሲሠራ ከተዘበራረቀ ነጠብጣብ ይጀምርና ቀስ በቀስ እያጠራ ቃሉን ወደሚመስል ነገር ይሄዳል። መምሰልን ያውቃል፤ ክር መቁጠርን ግን አያውቅም። ጥልፍ ደግሞ ቁጥር ነው። ጠላፊዋ ስንት ክር ዘልላ መርፌውን እንደምትወጋ ካልቆጠረች ቅርጹ አይዘጋም። የተሸመነው ጨርቅ ራሱ የጌጡን ሕግ ያወጣል ማለት ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ሞድሮትላች የሚባል ሰማያዊ ጨርቅ አለ። የእንጨት ማኅተም ቀለም በማያስገባ ውህድ ይነከርና ጨርቁ ላይ ይታተማል። ከዚያ ጨርቁ ኢንዲጎ ውስጥ ይገባል። ውህዱ ሲታጠብ የተሸፈነው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህ ሙያ በ2018 በዩኔስኮ መዝገብ ሲገባ ስሎቫኪያ ከኦስትሪያ፣ ከቼክ፣ ከጀርመንና ከሃንጋሪ ጋር ሆና ነው ያስመዘገበችው። ስለዚህ ጌጥ ድንበር አይሻገርም፣ የአንድ ሕዝብ ብቻ ነው ብዬ አልከራከርም። ይሻገራል። ግን የተሻገረው ማኅተሙን በእጃቸው በያዙ ሰዎች ነው።

አንዳንዱ «ባህሉን አትንኩት» ይላል። በዚህ አልስማማም። የቺችማኒ ግድግዳ ራሱ መነካት ነው፤ ከክር ወደ ኖራ የተደረገ ዝውውር። በ1928 ብራቲስላቫ ውስጥ የተከፈተውን የጥበባዊ ሙያ ትምህርት ቤትም እዩ። ዮሴፍ ቪድራ ይመራው ነበር፤ ሠዓሊዎቹ ሉዶቪት ፉላና ሚኩላሽ ጋላንዳ አስተምረውበታል። ፉላ ከሕዝብ ጥበብ ደማቅ ቀለምንና ጥልቀት የሌለውን ጠፍጣፋ መደብ ወሰደ፤ አበባ ገልብጦ አልለጠፈም። ሥራው ዘመናዊ ነው፣ የት እንደተወለደም ይታወቃል። በ1937 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ትልቁን ሽልማት ያገኘው «ዘፈንና ሥራ» የተባለው ሥዕሉ ለዚህ ምስክር ነው።

እንግዲህ የኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ጥሩ ፖስተር ከጌጡ ሕጉን ይወስዳል፤ ደካማው ፖስተር መልኩን ብቻ። «የስሎቫክ» ብሎ መጠየቅ ሰፊ ነው። ቺችማኒ አለች፣ ነጭና ማዕዘናዊ። ዛሬ የብራቲስላቫ ክፍል የሆነችው ቫይኖሪ አለች፣ በቀለም የተሞላ አበባ። ሁለቱን ማደባለቅ ይቻላል፣ ግን ማደባለቁን የመረጠ ሰው መኖር አለበት። ማሽኑ ሲያደባልቅ የመረጠ የለም።

ሥራውም ከዚህ ይነሳል። አንድ መንደር ምረጥ። ሦስት አራት ቅርጽ በእጅህ፣ በካሬ ወረቀት ላይ እየቆጠርክ ሣል። የራስህን ሥዕል ለማሽኑ ስጠው፤ የቀለም አማራጭ፣ የአቀማመጥ አማራጭ ይሥራልህ፤ እዚያ ላይ ጎበዝ ነው። የመጨረሻውን ጌጥና ፊደል ግን አንተ አስገባ። ፖስተር ከመንገድ ማዶ የሚነበብ ነገር ስለሆነ አንድ ትልቅ ቅርጽ ከሃምሳ ትንንሽ አበባ ይበልጣል።

ይህን ሁሉ ስለ ሩቅ አገር የጻፍኩት ነገሩ ቤታችን ስለሚገባ ነው። ሲግድ ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ነው፤ በየዓመቱ ፖስተር የምትሠሩ ልጆች አላችሁ። «የኢትዮጵያ ባህላዊ ጥለት» ብላችሁ ብትጽፉ መስቀል ያለበት ጥለት የለበሱ ሰዎች ቢመጡላችሁ አትገረሙ። በኢትዮጵያ ብዙ ጥለት መስቀል አለበት፣ ለሚለብሱትም ክብራቸው ነው። ለቤተ እስራኤል የሲግድ ፖስተር ግን ስህተት ነው፤ ያን ስህተት ደግሞ ማሽኑ አያየውም። አያታችሁ ግን ከሩቅ ታየዋለች። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት እሷን ጠይቁ፤ የሠራችው ሰፌድ ወይም ጥልፍ ካለ አውጥታ ታሳያችሁ፣ እናንተም ቁጠሩ።