ንድፈ ሐሳብ ወይስ የአሠራር መመሪያ? የድርጅት ንድፈ ሐሳብ በድኅረ ምረቃ ትምህርታችን

በሥራ አመራር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቻችን የጥንታውያኑን የድርጅት ንድፈ ሐሳብ ጸሐፊዎች የቴይለርን፣ የፋዮልንና የዌበርን መርሆዎች በዝርዝር ያጠናሉ፤ ይፈተኑባቸዋልም። የመመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስ ግን ያን ሁሉ ትተው መጠይቅ ወደ ማሰራጨት ይሄዳሉ። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ ነው፦ የድርጅት ንድፈ ሐሳብን እንደ አሠራር መመሪያ ስለምናስተምረው የመሥሪያ ቤቶቻችንን እውነተኛ ጠባይ የሚያስረዱንን ሐሳቦች ሳንጠቀምባቸው ቀርተናል።

ችግሩ የሚጀምረው ከጥንታውያኑ አነባበብ ነው። ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ በአሜሪካው ቤተልሔም የብረት ኩባንያ አንድ ሠራተኛ በቀን የሚጭነው ብረት ከ12.5 ወደ 47.5 ቶን ማደጉን፣ የቀን ክፍያውም ከ1.15 ወደ 1.85 ዶላር ከፍ ማለቱን ይተርካል። ሥራው አራት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ክፍያው የጨመረው 60 በመቶ ገደማ ነው። እዚህ ላይ ተማሪው «የተረፈው ለማን ሆነ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ግን «ሳይንሳዊ አመራር ምርታማነትን ይጨምራል» የሚል አንድ መስመር ነው። ማክስ ዌበርም ቢሮክራሲን የመከረ ሰው ተደርጎ ይቀርባል። እርሱ የጠየቀው ግን ሰዎች ለምን ትእዛዝን ተገቢ ነው ብለው ይቀበላሉ የሚለውን ነበር። ቢሮክራሲንም ለማነጻጸሪያ እንዲሆን እንደ አምሳያ ቀረጸው፤ ኃይሉን እያደነቀ በሰው ነጻነት ላይ የሚያመጣውን ጫና ይፈራ ነበር።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅሙት ደግሞ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 ጆን ማየርና ብራያን ሮዋን እንዳስረዱት፣ ድርጅቶች አንድን መዋቅር የሚይዙት ሥራን ስለሚያቀልላቸው ብቻ ሳይሆን በበላይ አካልና በሕዝብ ፊት ዘመናዊና ተገቢ ሆነው እንዲታዩ ስለሚያደርጋቸውም ነው። ስለዚህ በወረቀት ያለው መዋቅርና የዕለቱ ሥራ ተለያይተው ለረጅም ጊዜ ሊኖሩ ይችላሉ። ፖል ዲማጂዮና ዋልተር ፓወልም እ.ኤ.አ. በ1983 ድርጅቶች እየተመሳሰሉ የሚሄዱባቸውን ሦስት መንገዶች ለዩ፦ ከኃያል አካል የሚመጣ ግፊት፣ መንገዱ የጠፋበት ድርጅት ተሳክቶለታል ያለውን መቅዳቱ፣ እንዲሁም በአንድ ዓይነት ትምህርት የተቀረጹ ባለሙያዎች ተጽዕኖ።

ይህን ይዘን እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረውን የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያችንን እንመልከት። ከዚያ ወዲህ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ (ቢፒአር)፣ ሚዛናዊ የውጤት ተኮር ሥርዓት (ቢኤስሲ) እና ተከታታይ ማሻሻያ (ካይዘን) ተከታትለው መጡ። ቢፒአርና ቢኤስሲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ለኩባንያዎች የታሰቡ ናቸው፤ ካይዘን ደግሞ ከጃፓን ፋብሪካዎች መጥቶ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ። መምሪያዎች «የሥራ ሂደት»፣ ኃላፊዎች «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተባሉ፤ አገልግሎቱ የሚወስደውን ጊዜ የሚገልጽ የዜጎች ቻርተር በየግድግዳው ተሰቀለ፤ ሠራተኛው አንዱ አምስቱን እየመራ «1 ለ 5» ተደራጀ። አገልግሎቱ በእርግጥ የፈጠነባቸው ቢሮዎች ነበሩ። በብዙ ቦታ ግን ቻርተሩ በደቂቃ የለካው ጉዳይ ባለጉዳዩን ለቀናት አመላልሷል። የግምገማ ሪፖርቶች ምክንያቱን «የአመለካከት፣ የክህሎትና የግብዓት ማነቆ» ይሉታል። ማየርና ሮዋን የሚሰጡን ማብራሪያ ከዚህ ይጠልቃል፤ መሥሪያ ቤቱ የሚመዘነው ሰነዱን በማዘጋጀቱ ከሆነ ጉልበቱን በሰነዱ ላይ ማዋሉ ስንፍና አይደለም፤ ምዘናው የወለደው ውጤት ነው። በዚህ አነባበብ ጥያቄው ከሠራተኛው አመለካከት ተነሥቶ ወደ መዛኙ አካል ይዞራል።

ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ሥራ ላይ ያሉ ስለሆኑ የሚፈልጉት መሣሪያ እንጂ ትንታኔ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ፍላጎቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን በአንድ ቦታ የሠራ መሣሪያ በሌላ ቦታ ለምን እንዳልሠራ ማስረዳት የማይችል ኃላፊ፣ ቀጣዩ መሣሪያ ሲመጣ ያንኑ ይደግማል። ለሥራ ኃላፊ ይህን ምክንያት ከማወቅ የበለጠ ተግባራዊ እውቀት የለም።

ጉዳዩ ከመንግሥት ቢሮ ይሰፋል። እድርን እንውሰድ፦ የጽሑፍ መተዳደሪያ ደንብ፣ የአባላት መዝገብ፣ ገንዘብ ያዥና የመቅረት ቅጣት አለው። በዌበር አምሳያ ውስጥ የምናገኛቸው የደንብና የመዝገብ ባሕርያት አሉት ማለት ነው። ዳኛውና ጸሐፊው ግን በምርጫ የተሠየሙ ጎረቤቶች ናቸው፤ በደመወዝ እርከን የሚያድጉ ባለሙያዎች አይደሉም። ደንቡን የሚያስከብረውም ቅጣቱ ብቻ ሳይሆን ነገ በእኔም ቤት ይደርሳል የሚለው እሳቤ ነው። የተጻፈ ሕግና የጎረቤት ይሉኝታ እንዴት አብረው እንደሚሠሩ የሚመረምር የመመረቂያ ጽሑፍ ዌበርን ከመድገም አልፎ ሊያርመው ይችላል። በአንጻሩ በየዓመቱ በብዛት የሚቀርበው «የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚለው ርእስ የሚጠናው ባንክ ስም ብቻ እየተቀየረ ተመሳሳይ መደምደሚያ ይዞ ይመለሳል።

የድኅረ ምረቃ ክፍሎቻችን ሦስት ነገር ቢያደርጉ ይበጃል። መጀመሪያ፣ ከመርሆዎች ዝርዝር ይልቅ ዋናዎቹን ጽሑፎች ያስነብቡ። ቀጥሎ፣ ንድፈ ሐሳቡ በየትኛው የሥራ ቦታ፣ ለማን ችግር እንደተወለደ ያስጠይቁ። በመጨረሻም አማካሪዎች ከመጠይቁ በፊት ተማሪውን በመሥሪያ ቤቱ ወይም በእድሩ ውስጥ ተቀምጦ እንዲታዘብ ያድርጉ። ይህ ካልሆነ የምናስመርቀው መመሪያ አስፈጻሚ እንጂ የድርጅት ተመራማሪ አይሆንም።