«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ታሪኳ እንደምን ይነገር?

እንደ ወልቂጤና እንደ ቡታጅራ ከባሕር በራቁት ከተሞች እንኳ ስለ ቀድሞው ባሕር ኃይላችን ጨዋታ በተነሣ ጊዜ «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ትታወሳለች። የምትታወሰው ግን በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ ተራኪ ትልቅነቷን ያወድሳል፥ ሌላው መጥፋቷን ያለቅሳል። ሁለቱም አነጋገር ጎዶሎ ሆኖ ይታየናል።

በመጀመሪያ ስለ ውዳሴው። መርከቢቱ «ኦርካ» በሚል ስም ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የተሠራች ስትሆን፥ ተግባሯ በውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና መስጠት ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1944 ሥራ ጀምራ፥ ከጃፓን ጋራ በተደረገው ጦርነት በፊሊፒንስ ባሕር አገለገለች። በ1954 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥታ የዕጩ መኰንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። ስለዚህ ክብሯ በመድፏ ሳይሆን በአገልጋይነቷና በአስተማሪነቷ ነው።

ትልቅነት ብቻውን የማያድን መሆኑን ለመረዳት በዚያው ጦርነት የነበረችውን የጃፓኗን «ያማቶ» መመልከት ይበቃል። ከእርሷ የሚበልጥ መድፍ የተሸከመች መርከብ በባሕር ላይ ታይታ አታውቅም። ሆኖም የአውሮፕላን ጥበቃ ሳይኖራት ወደ ኦኪናዋ ተልካ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ኤፕሪል 7 ቀን 1945 በአሜሪካ አውሮፕላኖች ተመትታ ሰጠመች፤ ከ3,000 በላይ ሰዎችም አብረዋት አለቁ።

ወደ ልቅሶው ስንመለስ፥ የእኛዪቱ መርከብ በውጊያ አልሰጠመችም። ዋናው የባሕር ኃይል ሰፈር የነበረው ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከእጅ ወጣ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብም ሲወድቅ መርከቢቱ ወደ የመን ሸሸች፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1993ም ለቍርጥራጭ ብረት ተሸጠች። እንግዲህ አስቀድሞ የጠፋው ማደሪያዋ ነው እንጂ እርሷ አይደለችም። አልቃሾቹ ስለ ብረቷ ሲያዝኑ፥ አብረው የተሰደዱትን የሠለጠኑ መርከበኞች ይረሳሉ። ነቀፋችን በዚህ ላይ ነው፤ በብዙ ዓመት የተገኘ ሙያ ከብረት ይልቅ ውድ ነውና።

ፈርሶ የነበረው ባሕር ኃይል ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ እንደገና እየተቋቋመ ስለሆነ፥ ነገሩ የትናንት ብቻ አይደለም። «ስንት መርከብ ይኑረን?» ከማለት አስቀድሞ «የት ታድራለች? ማን ይጠግናታል? ማንስ ይመራታል?» ብሎ የሚጠይቅ ታሪክ ጸሓፊ ያሻናል።