የኮምፒዩተሩ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

የኮምፒዩተር ትምህርት በሚታቀድበት ጊዜ ዘወትር የሚነሡት ጥያቄዎች የመሣሪያው ብዛት፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና የመምህራን ሥልጠና ናቸው። መሣሪያው ከተገኘ በኋላ ምን እንዲጫንበት የሚፈቅደው ማን እንደሆነ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ኮምፒዩተር ያለ ተቆጣጣሪው የይለፍ ቃል አዲስ ፕሮግራም እንዳይቀበል መዝጋት የተለመደ የጥበቃ ዘዴ ነው። ውጤቱም ተማሪው ፕሮግራም መጻፍን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ እንዲማር ማስገደድ ይሆናል።

ጥፋቱን በቴክኒሻኑ ላይ ብቻ መጣል ፍትሐዊ አይደለም። ንብረቱን ፈርሞ የተረከበው እርሱ ነው፤ ቫይረስ ቢገባ የሚጠየቀውም እርሱ ነው፤ ተማሪው በሚገባ ቢማር ግን ምስጋናው ወደ እርሱ አይደርስም። በሳነቴ አምባና በሐረና ደን መካከል በምትገኘው በሪራ መሣሪያ ቢበላሽ ከጎባ የሚላክ ጠጋኝ አምባውን ማቋረጥ ግድ ይሆንበታል። እንዲህ ባለ ሥፍራ «አይነካ» የሚለው ቃል ከስንፍና ሳይሆን ከሥጋት ይመነጫል።

ይሁንና ቁልፉ የታሰበለትን ግብ ይመታልን? በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን አደለ። የታብሌቶቹ የገጽ አቀማመጥ እንዳይለወጥ ተቆልፎ፣ ካሜራውም ተዘግቶ ነበር። ድርጅቱ እንደ ዘገበው ሕፃናቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለቱንም ከፈቱ። ዘገባው የድርጅቱ የራሱ፣ ሕፃናቱም ጥቂት በመሆናቸው፣ ያለ መምህር መማር ይቻላል ለሚለው ድምዳሜ በቂ ማስረጃ አይሆንም። አንድ ነገር ግን ያሳያል፤ ቁልፍ የማወቅ ጉጉት ያለውን ልጅ አይገታም። የሚገታው ደንብ አክባሪውን መምህር ነው።

የመምህሩ እጅ ከመሣሪያው ሲርቅ ምን እንደሚደርስ ከዚህ ቀደም ታይቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር መምህሩ ሥርጭቱን አቁሞ ለተማሪው ማስረዳት አልቻለም ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርም በ3 ዓመት የታቀደ ሲሆን፣ ትምህርቱ የሚሰጠው በኢንተርኔት ለተመዘገቡ ግለሰቦች ነው። ዓላማው የሚደገፍ ቢሆንም የትምህርት ቤቱን የተዘጋ ኮምፒዩተር አይከፍትም።

መፍትሔው ልመና ሳይሆን የተጻፈ የኃላፊነት ድልድል ነው። በመጀመሪያ፣ ርእሰ መምህሩ፣ መምህሩና ቴክኒሻኑ በዓመቱ መግቢያ የሚፈቀዱትን ፕሮግራሞች ዘርዝረው በጋራ ይፈርሙ። ሁለተኛ፣ ተማሪዎች የመሣሪያውን ሥርዓት መለወጥ በማይችል የተለየ መግቢያ ይጠቀሙ። ቶኒ የተባለው የፓይተን መማሪያ ከፍላሽ ላይ ስለሚሠራ፣ ስክራችም ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ፣ በአንድ ኮምፒዩተር መሞከር ቀላል ነው። ሦስተኛ፣ የመሣሪያው ሙሉ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ፤ መምህሩም ቅጂውን መልሶ መጫን ይሠልጥን። በሮቤ የሚገኘው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ለባሌ ትምህርት ቤቶች ቅጂውን ቢያዘጋጅ ጠጋኝ የሚጠበቅበት ጊዜ ያጥራል።

የዕቅድ ባለሙያዎችም በቁጥጥር ወቅት ስንት ኮምፒዩተር ሳይበላሽ እንደ ቆየ ብቻ ሳይሆን፣ ተማሪው በስንቱ ላይ የራሱን ፕሮግራም እንደ ጻፈ ሊጠይቁ ይገባል። ሳይነካ ያረጀ መሣሪያ ከኪሳራ እንጂ ከጥበቃ አይቆጠርም።