ባለ ሁለት አዮኑ መላ ምት «አጠቃላይ» ነውን?

ቶማስ ስታይትዝና ጆአን ስታይትዝ እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ እንደ ኢንዛይም የሚያገለግሉ አር.ኤን.ኤዎች፣ ማለትም ሪቦዛይሞች፣ በሁለት የማግኒዚየም አዮኖች እንደሚሠሩ መላ ምት አቅርበዋል። አንደኛው አዮን አዲሱን ትስስር የሚፈጥረውን ኦክሲጅን ያነቃቃል፤ ሁለተኛው ከፎስፌቱ የሚለየውን ኦክሲጅን ያረጋጋል። መነሻቸው በፕሮቲን ኢንዛይሞች ላይ የታየ ተመሳሳይ አሠራር ነበር።

የጽሑፉ ጥንካሬ በጊዜ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2013 በእርሾ ላይ የተደረገ ጥናት፣ መልእክተኛ አር.ኤን.ኤን የሚያስተካክለው ስፕላይሶዞም በዚሁ መንገድ እንደሚሠራ አሳይቷል።

ድክመቱ ያለው በአርእስቱ ላይ በሰፈረው «አጠቃላይ» በሚለው ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሐመርሄድን የመሳሰሉ ትናንሽ ሪቦዛይሞች፣ ማግኒዚየም ሳይኖር፣ መጠናቸው ከፍ ባሉ ባለ አንድ ሙል አዮኖች ብቻ ሲሠሩ ታይተዋል። ለእነዚህ የአዮን ዋና ተግባር የአር.ኤን.ኤውን ቅርጽ አጥፎ መያዝ ነው።

ጉዳዩ ከነቀምቴና ከሌሎቹ የወለጋ ከተሞች የጤና ባለሙያ የራቀ አይደለም። በኢትዮጵያ በስፋት የሚገኘው ሄፓታይተስ ቢ ለዴልታ ቫይረስ በር ይከፍታል፤ ዴልታም የሚባዛው አር.ኤን.ኤውን በራሱ ሪቦዛይም እየቆረጠ ነው። በዚህ ሪቦዛይም ፕሮቶን የሚሰጠው ሳይቶሲን ሲሆን፣ ማግኒዚየም አጋዥ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አዮኖች ዒላማ አድርጎ የሚታሰብ መድኃኒት እዚህ መሠረት ያጣል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ግን ሁለቱንም በሽታዎች ይከላከላል።

ጽሑፉ ለስፕላይሶዞምና ለመሰሎቹ እንደ መመሪያ፣ ለትናንሾቹ ሪቦዛይሞች ግን እንደ ጥያቄ ሊነበብ ይገባል።