ከአፈሙዙ ሥር ያለው ነፋስ

ነፋስን መጀመሪያ ያስተማረኝ የተኩስ አሠልጣኝ ሳይሆን የአባቴ አውድማ ነው። ገብሱ ተወቅቶ ሲያበቃ አባቴ ላይዳውን ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል። ነፋሱ መጣ ብለን ስንቸኩል «ቆዩ፣ ገና አልጸናም» ይለናል። ሲጸናለት ያነሣና ወደ ላይ ይበትናል። ፍሬው እዚያው እግሩ ሥር ይወርዳል፤ ገለባው ርቆ ይከመራል። ነፋሱ አንድ፣ ውርወራው አንድ፣ መውደቂያው ግን ሁለት።

ምሥጢሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ ድራጉኖቭ የተባለውን የአነጣጣሪ ተኳሽ ጠመንጃ ታቅፌ በደረቴ ስተኛ ነው። ጥይት በነፋስ የምትገፋው አየር ላይ በቆየችበት ጊዜ ልክ አይደለም፤ አየሩ ባዘገያት ልክ ነው። የድራጉኖቭ ጥይት ከአፈሙዙ በሰከንድ 830 ሜትር ትወጣለች። አየር ባይኖር 600 ሜትር በ0.72 ሰከንድ ትደርስ ነበር፤ በእውነቱ ግን አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል። ልዩነቱ ከሩብ ሰከንድ ጥቂት ቢያልፍ ነው። ይህችን ሽርፍራፊ በሰከንድ 4 ሜትር በሚነፍስ የጎን ነፋስ ብታባዛት ጥይቷ አንድ ሜትር ያህል ትስታለች። አያቴ የድሮው ጠመንጃ የውጅግራ ጥይት ከባድ ስለሆነች ነፋስ አይደፍራትም ይል ነበር። 25 ግራም እርሳስ ናት፣ እውነት ነው። ነገር ግን አፍንጫዋ ዶልዱም፣ ፍጥነቷም ከድራጉኖቭ ጥይት በግማሽ ገደማ ያነሰ ስለሆነ፣ ሩቅ ላይ ነፋስ የሚያሸንፈው እሷን ነው።

ከፍታም አለ። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋችን አየሩ ስስ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀላል። ለቆላ የተሠራ የተኩስ ሰንጠረዥ እዚህ እንዳለ የሚከተል ተኳሽ ነፋሱን ከልክ በላይ ያርማል።

ሰዎች ከጎን የሚመጣ ብርቱ ነፋስ ይፈራሉ። እኔ የምፈራው ከፊት ለፊት የሚመጣውን ነው። የጎኑ ነፋስ አቅጣጫውን 15 ዲግሪ ቢያዛባ ጉልበቱ ሦስት በመቶ ያህል ብቻ ይቀንሳል። በሰከንድ 6 ሜትር የሚነፍሰው የፊት ነፋስ ግን 15 ዲግሪ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ 15 ዲግሪ ወደ ቀኝ ካለ፣ መጀመሪያ ከአንድ ጎን፣ ወዲያው ከሌላው ጎን አንድ ሜትር ተኩል በሰከንድ ይገፋሃል። ፊትህ ላይ ያው ነፋስ ነው፤ ጥይቷ ግን በዒላማው ጥቁር መሐል ግራና ቀኝ ትመላለሳለች።

በጣም የሚቆጨኝ አንድ ተኩስ አለ። ዒላማው 600 ሜትር ላይ ነበር፣ አጠገቡ ያለው ባንዲራ ተንጠልጥሎ ዝም ብሏል። ነፋስ የለም ብዬ ምላጩን ሳብኩ። ጥይቷ ከዒላማው በስተቀኝ አቧራ አስነሣች። ደግሜ ተኮስኩ፣ ያው። አሠልጣኜ ከጎኔ ተነሥቶ ከፊታችን ወዳለው ሸለቆ አፍ ሄደና ደረቅ ሣር ቆንጥሮ ለቀቀ። ሣሩ ወደ መሬት ሳይደርስ በስተቀኝ ጠፋ። ከሸለቆው የሚወጣውን ነፋስ ዓይኔ ሥር አስቀምጬ ሩቁን ባንዲራ ሳይ ነበር። መንገዷ ገና ሲጀመር የተገፋች ጥይት የያዘችውን ዝንባሌ እስከ መጨረሻው ይዛው ትሄዳለች፤ በየሜትሩ ስሕተቱ ይሰፋል። ዒላማው ደጃፍ ላይ የሚገፋት ነፋስ ግን ለመግፋት ጊዜ የለውም።

ዛሬ ቤቴ ጦር ኃይሎች ነው፣ የቀላል ባቡሩ መንገድ ከሚያበቃበት ብዙም ሳይርቅ። ማታ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ሦስት ነፋስ አያለሁ፤ የጎረቤት ምጣድ ጢስ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ የባሕር ዛፉ ጫፍ። ሦስቱ ተስማምተው የማያቸው ከስንት አንዴ ነው። ጢሱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ የዛፉ ጫፍ ይተራመሳል። ጉንጬ ላይ ከተሰማኝ በሰከንድ 2 ሜትር ያህል ነው፤ ቅጠል ያለማቋረጥ ከተንቀሳቀሰ ወደ 4፤ አቧራና ወረቀት ከተነሣ ከ6 አያንስም። ይህን ልማድ ጡረታም አላስተወኝም።

በቅርቡ ሠራዊቱን ሊቀላቀል የተመዘገበ የጎረቤት ልጅ መጥቶ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ አሁን ነፋሱ ስንት ነው?» አለኝ፣ ዓይኑ ሩቅ ያለ የሕንጻ ባንዲራ ላይ ነው።

«እሱን ተወው፣ ልጄ። የእናትህን ነጠላ እየው።»

ነጠላው ገመዱ ላይ ወደ ግራ ተነፋ፣ ቀስ እያለ ወረደ፣ ጸጥ አለ።

«ቆመ» አለ፣ ጣቱን ምላጭ እንደሚስብ አጥፎ።

«ቆይ» አልኩት። «ገና አልጸናም።»