ስለ ብየዳ ብርሃንና ስለ ዓይን ጥበቃ

የኤሌክትሮዱ ጫፍ ብረቱን ነክቶ በተለኮሰ ጊዜ የሚፈልቀው ብርሃን ከፊሉ ግዙፍ ከፊሉ ረቂቅ ነው፤ ግዙፉን ዓይን አይቶ ስለሚጨፈን ራሱን ይጠብቃል፤ ረቂቁ ግን፣ አልትራቫዮሌትና ኢንፍራሬድ የሚባለው ጨረር፣ ከሚታዩት ቀለማት ወዲያና ወዲህ ተሠውሮ ስለሚመጣ፣ ዓይን መጎዳቱን እንኳ ሳያውቅ ይጎዳል።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያዘናጋው የሕመሙ መዘግየት ነው። አልትራቫዮሌቱ ኮርኒያ የተባለውን የዓይን የፊት ሽፋን በቀን ያቃጥለዋል፤ ባለቤቱ ግን ምንም ሳይሰማው ራቱን በልቶ በሰላም ይተኛና፣ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ በመንፈቀ ሌሊት፣ አሸዋ የተበተነበት ያህል እየቆረቆረው፣ እንባው እየፈሰሰ፣ የመብራት ጭላንጭል እንኳ ማየት ተስኖት ይነሣል። አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ቀን ይሽራል። የሚያደነዝዝ ጠብታ ከፋርማሲ እያመጡ ደጋግሞ መጨመር ግን ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል፤ ይህን አብረውኝ ለሚሠሩት ወጣቶች ስናገር የሚያምነኝ ጥቂት ነው።

በጥቁር የፀሐይ መነጽር የሚበይዱትንማ ባየሁ ቁጥር እቆጣለሁ። ጥቁረቱ ግዙፉን ብርሃን ሲቀንስለት ብሌኑ ይሰፋል፤ መስተዋቱ ረቂቁን የማያጣራ እንደ ሆነ ጨረሩ በሰፋው በር ይገባል። ለኤሌክትሪክ ብየዳ እንደ ኃይሉ መጠን ከቁጥር 10 እስከ 13 ያለ የብየዳ መስተዋት ያስፈልጋል፤ ቁጥር 10 ከሚታየው ብርሃን ከ10,000 እጅ 1 እጅ ያህሉን ብቻ ያሳልፋል። ለጋዝ ብየዳ የሚበቃው ቁጥር 5 ለዚህ አይሆንም። ሰማያዊው ብርሃን እስከ ዓይን ጓዳ ዘልቆ ሬቲናን እንደሚጎዳ፣ የምድጃ ሙቀት ጨረርም በመስተዋት ሠሪዎች ዓይን ላይ ሞራ እንደሚያመጣ ከታወቀ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የብየዳን አልትራቫዮሌት ካንሰር አምጪ ከሆኑት ነገሮች መድቦታል።

በያጁስ ቢያንስ ጭንብል አለው። የሚጎዳው ብረቱን የሚይዝለት ረዳት ነው፤ ፊቱን ወደ ጎን መለስ አድርጎ የዳነ ይመስለዋል፤ ጨረሩ ግን ከአሉሚኒየሙና ከሚያብረቀርቀው ላሜራ ተንጸባርቆ በጎን ይደርስበታል። በማግሥቱ ዓይኑ ደም መስሎ ሲመጣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ አልበየድኩም» ይላል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ሁለተኛ ጭንብል ሳይገኝ ሥራ አይለኮስም፤ በደጅ ስንሠራም ለመንገደኛው ስንል ሸራ እንጋርዳለን። ሸራውን ንፋስ እየነቀለ ያስቸግራቸዋልና ልጆቹ ያጉረመርማሉ፤ እኔም አልሰማቸውም።